ከደብረ ብርሃን ወደ ሙኒክ፦ ጓዝ ከመጠቅለል በፊት ስምን ማስተካከል

ሙኒክ በገባሁ በመጀመሪያው ወር መጨረሻ የደመወዝ ወረቀቴን ስከፍት ከጠበቅሁት ገንዘብ ብዙው የለም። ዐሥራ አንድ አኃዝ ያለው የግብር መለያ ቁጥሬ ለቀጣሪዬ ስላልደረሰ ግብሩ በከፍተኛው ምድብ ተቆርጦ ነው። ቁጥሩ በፖስታ ተልኮልኝ ነበር። ፖስተኛው ግን በሕንጻው መግቢያ ከተደረደሩት ሃያ ምናምን ሣጥኖች በአንዱም ላይ የሚፈልገውን ስም አላገኘም፤ ደብዳቤውን ይዞ ተመለሰ።

ሣጥኑ ላይ ግን ስም ለጥፌ ነበር። ጀርመኖቹ የቤተሰብ ስማቸውን ብቻ እንደሚጽፉ አይቼ እኔም የአባቴን ስም ብቻ ጻፍሁ። ደብዳቤው የመጣው በአያቴ ስም ነው፤ ያውም በግማሹ። አያቴ ገብረ መድኅን ነው፤ የምዝገባው ኮምፒውተር “ገብረ”ን ከእኔ ስም ጋር ደባልቆ “መድኅን”ን የቤተሰብ ስም አድርጎታል። የተቆረጠው ገንዘብ ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ተመልሶልኛል። እስከዚያው ግን ስድስት ሳምንት በምስርና በፓስታ ኖሬአለሁ።

ይህን የምጽፈው የሥራ ውል እጃቸው ለገባ ወይም ሊገባ ለተቃረበ የሰሜን ሸዋ ልጆች ነው። ሙኒክ ከጀርመን ከተሞች ሁሉ ኪራይ የከበደባት ናት። ይሁን እንጂ እኔንም ሌሎች የማውቃቸውንም ይበልጥ ያስወጣን ነገሮችን ያለ ተራቸው መጀመራችን ነው። ስለዚህ ተራውን ጠብቄ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ፦ ስምና ቀን

ወረቀቶቻችሁን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ዲግሪ፣ የውጤት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ያገባችሁ ደግሞ የጋብቻ ምስክር ወረቀት። በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስማችሁን ፊደል በፊደል አስተያዩ። እኛ አገር ገብረ፣ ኃይለ፣ ወልደ፣ ወለተ፣ ተክለ የሚል ስም የሌለበት ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። ዩኒቨርሲቲው አያይዞ ይጽፈዋል፣ ቀበሌው ይነጣጥለዋል። “ፀ”ን አንዱ በቲ-ኤስ፣ ሌላው በቲ-ዜድ ይጽፋል። ለእኛ ያው ሰው ነው፤ ለጀርመን መዝገብ ግን ሁለት ሰው ነው።

መሠረቱ ፓስፖርቱ ነው። ሌላውን ሁሉ ወደ እሱ አምጡ። ፓስፖርቱ ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ከቪዛ በፊት አስተካክሉት፤ ቪዛው ከተመታ በኋላ የሚደረግ እርማት ሰንሰለቱን ሁሉ እንደገና ያስጀምራል። ከዚያ ፓስፖርቱ በቤተሰብ ስም ቦታ ላይ ማንን እንዳስቀመጠ እዩ፤ አባት ይሁን አያት። ከዚያች ቀን ጀምሮ የባንክ ካርዳችሁ፣ የቤት ውላችሁ፣ የመድን ካርዳችሁና የፖስታ ሣጥናችሁ የሚጠራችሁ በዚያ ስም ነው። ሐኪም ቤት ተቀምጣችሁ “ሄር መድኅን!” (አቶ መድኅን) ተብሎ ሲጠራ አያታችሁን የሚፈልጓቸው ይመስላችኋል፤ ቶሎ ልመዱት።

ቀኑም ያው ነው። የልደት ቀናችሁን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትመልሱ ጳጉሜን አትርሱ። ጥር 1 ቀን 1988 የተወለደ ሰው ብዙ ጊዜ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 1996 ተብሎ ይጻፍለታል። ልክ አይደለም። የ1987 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበራት ትክክለኛው ጃንዋሪ 10 ነው። ሆኖም ፓስፖርቱ 9 ካለ ሁሉም ወረቀት 9 ይበል። እዚህ ላይ ከእውነቱ ይልቅ የሚጠቅማችሁ መመሳሰሉ ነው፤ አስተርጓሚያችሁም በራሱ ስሌት እንዳያርምላችሁ ፓስፖርቱን አሳዩት።

ዲግሪውን በተመለከተ፣ የወጪ መጋራት ዕዳችሁን ያልጨረሳችሁ ዋናው ዲግሪ አይሰጣችሁም፤ በጊዜያዊ ማስረጃ ደግሞ ሩቅ አይኬድም። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ዕዳውን ዝጉ። ዩኒቨርሲቲያችሁና የትምህርት መስካችሁ አናቢን በተባለው የጀርመን የመረጃ ቋት ውስጥ እንዴት እንደተመዘገቡ በነጻ ማየት ይቻላል። እዚያ በግልጽ ካልተገኘ ቦን ያለው የውጭ ትምህርት ማዕከል የአቻነት መግለጫ ይሰጣል፤ ክፍያው 208 ዩሮ ሲሆን ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ይህን ከሁሉ አስቀድሙት። ነርሶችና ሐኪሞች ሌላ ረጅም መንገድ አላቸው፤ ለእነሱ ይህ ክፍል አይበቃም።

በተክሊል ያገባችሁ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ጋብቻውን ወሳኝ ኩነት አስመዝግቡ። አሁን “ብቻዬን ነው የምሄደው” ብትሉም አስመዝግቡ፤ ከሙኒክ ሆኖ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ያለ ጉዳይ ማስጨረስ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። አብራችሁም ለምታምኑት ሰው ውክልና ስጡ።

ሁለተኛ፦ ውሉን በትክክለኛው ዓይን ማንበብ

ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ያልተጣራ ነው። ላጤ ሆናችሁ በዓመት 60,000 ዩሮ ብትቀጠሩ በወር 5,000 ነው፤ እጃችሁ የሚገባው በግምት 3,100 ነው። ከግብሩ ሌላ የጡረታው 18.6 በመቶ፣ የሥራ አጥነቱ 2.6 በመቶ፣ የጤና መድኑ 14.6 በመቶና መድን ድርጅቱ የሚያክለው ጭማሪ፣ በእርጅናና በሕመም ጊዜ ለመጦሪያ የሚሆነው የእንክብካቤ መድንም አለ። ግማሽ ያህሉን አሠሪው ይከፍላል፤ የቀረው የእናንተ ነው። አገር ቤት ላለ ዘመድ 5,000ውን አትናገሩ፤ ምክንያቱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዲግሪ ጋር የሚሄደው፣ የአውሮፓ ኅብረት ሰማያዊ ካርድ የሚባለው የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ በዓመት ዝቅተኛ የደመወዝ መጠን አለው፦ እ.ኤ.አ. በ2025 48,300 ዩሮ፣ ባለሙያ ለሚጎድልባቸው መስኮችና በቅርብ ለተመረቁ ደግሞ ወደ 43,760 ዩሮ ነበር። በየዓመቱ ከፍ ይላል። ውላችሁ ከመጠኑ በጥቂት መቶ ዩሮ ካነሰ እንዲያስተካክሉት ጠይቁ፤ ካርዱ ዋጋ አለው። በ27 ወር፣ ጀርመንኛችሁ ቢ አንድ ከሚባለው መካከለኛ ደረጃ ከደረሰ በ21 ወር ቋሚ መኖሪያ ያስገኛል።

ድርድር ላይ ከደመወዝ ጭማሪ በፊት የምትጠይቁት ነገር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ወራት ማደሪያ ነው። እኔ ይህን አላወቅሁም፤ በወር መቶ ዩሮ አስጨምሬ ደስ ብሎኝ ፈረምሁ። ድርጅቱ ከሚያውቀው ሰው በሁለት ስልክ ጥሪ የሚያገኘውን ክፍል እኔ በሃምሳ ደብዳቤ አላገኘሁትም። ደመወዝ የሚከፈለው በወሩ መጨረሻ ስለሆነ ቅድሚያ ክፍያም ጠይቁ፤ ነውር አይደለም።

ሦስተኛ፦ ቪዛው

አጭር ነው። ሥራው አዲስ አበባ ባለው የጀርመን ኤምባሲ ያልቃል። አሠሪያችሁ ደግሞ በምትሄዱበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ለባለሙያዎች የተፋጠነውን ሂደት ማስጀመር ይችላል፤ ለዚያ የሚከፈለው 411 ዩሮ ሲሆን ከዚያ በኋላ ኤምባሲው በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀጠሮ መስጠት አለበት። የቪዛው ክፍያ 75 ዩሮ ነው። “ቀጠሮ አስይዝልሃለሁ” ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅን ሰው አትስሙ። በቀጠሮው ዋዜማ አዲስ አበባ እደሩ፤ 130 ኪሎ ሜትር አጭር ቢመስልም ጠባሴ ላይ የሚጀምር መዘግየት ሰንዳፋ ላይ እጥፍ ይሆናል።

አራተኛ፦ የመግቢያ ሰሞንና ሻንጣው

በመስከረም አትግቡ። ከመስቀል በፊት ባለው ሰሞን የሙኒክ የቢራ በዓል ይጀምራል፤ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ድረስ የሆቴልና የጊዜያዊ ክፍል ዋጋ ሰማይ ይነካል። ደብረ ብርሃን የቢራ ፋብሪካ አጠገብ ላደገ ሰው የሚያስገርም ነገርም የለውም። ያ ሳይበቃ በኦክቶበር ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ተማሪዎች ክፍሉን ሁሉ ይሻሙታል። የካቲትና መጋቢት ይሻላሉ።

ምግብ ስትይዙ ልብ በሉ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው። ቋንጣና ንጥር ቅቤ ቦሌ ሳይሆን ጀርመን አየር ማረፊያ ላይ ይቀራሉ፤ እናታችሁ ሌሊቱን ያነጠሩት ቅቤ ቆሻሻ መጣያ ሲገባ ማየት ደግሞ ከባድ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና ቆሎ ያዙ። ጥሬ ገንዘብ 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ከሆነ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ከእኛ ማን ያን ያህል ይይዛል የሚለውን ለእናንተ እተዋለሁ።

የመንዝ ባና ይዤ ነበር የሄድሁት። ሻንጣዬን ሩብ በላው። ቤቱ ማሞቂያ ስላለው ለብርድ አላስፈለገኝም፤ የደብረ ብርሃንን ሌሊት የለመደ ሰው የሙኒክ ብርድ አያስደነግጠውም። የከበደኝ ጨለማው ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ገደማ ትጠልቃለች። ባዶ ክፍል ውስጥ አልጋ ሳይገዛ በፊት ያ ባና ፍራሼም ብርድ ልብሴም ሆኖ ዐሥራ አንድ ሌሊት አሳልፎኛል፤ ስለዚህ አትያዙ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

አምስተኛ፦ ቤት

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ጀርመን ውስጥ ሁለት የኪራይ ዋጋ አለ። ካልትሚቴ የሚባለው የባዶ ቤቱ ኪራይ ነው፤ ቫርምሚቴ ደግሞ ማሞቂያውንና የጋራ ወጪውን ይጨምራል። መብራትና ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ውጭ ናቸው። ሙኒክ ውስጥ ለኪራይ በሚወጡ ቤቶች ላይ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ20 ዩሮ በላይ መጠየቅ የተለመደ ነው። 45 ካሬ ሜትር ቤት በዚህ ስሌት ባዶውን 900፣ 1,000 ይደርሳል። “ሁለት ክፍል” ሲሉ መኝታና ሳሎን ማለታቸው ነው።

መያዣው በሕግ ከሦስት ወር ባዶ ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ በሦስት ወር ከፋፍሎ የመክፈልም መብት አላችሁ። ይህን የሚያውቅ አዲስ ገቢ ጥቂት ነው፤ አከራዮችም አያስታውሱም። 1,000 ዩሮ ለሚከራይ ቤት 3,000 መያዣ፣ የመጀመሪያ ወር ኪራይ፣ ጊዜያዊ ማደሪያ፣ ፍራሽና ድስት ሲደመሩ እንደገና ብሄድ ከ6,000 ዩሮ በታች ይዤ አልነሳም ነበር። ባንኮች ቪዛና ትኬት ላለው መንገደኛ የውጭ ምንዛሬ ይሸጣሉ፤ የቀረውን ከቀጣሪው በቅድሚያ ክፍያ ሙሉት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ማንም አልነገረኝም፦ ብዙ ቤት ኩሽና የለውም። ክፍሉ አለ፤ ግድግዳው ላይ የውኃ ቧንቧው አፍጥጦ ይታያል፤ ምድጃ የለም፣ ዕቃ ማጠቢያ የለም፣ ጣሪያው ላይ አምፖል እንኳ የለም። ተከራይ ሲወጣ ነቅሎ ይወስደዋል። ለቅቆ የሚወጣው ተከራይ ሊሸጥላችሁ ይችላል፤ ተከራከሩት፣ ነቅሎ መውሰዱ ለእሱም ድካም ነው።

አከራዩ ሹፋ የሚባለውን የብድር ታሪክ ማስረጃ ይጠይቃችኋል። አዲስ ሰው ታሪክ የለውም። በምትኩ አንድ ማኅደር አዘጋጁ፦ የሥራ ውሉ፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ ከቀጣሪው የተጻፈ ደብዳቤ፣ አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ያከራያችሁ ሰው ኪራይ አጓድላችሁ እንደማታውቁ የጻፈላችሁ ወረቀት በትርጉም፣ ከፎቶግራፍ ጋር ግማሽ ገጽ ስለ ራሳችሁ። የሚሳካው ማስታወቂያው በወጣ ሰዓት ውስጥ ለጻፈ ነው። ቤቱን ሳታዩ፣ ቁልፍ በፖስታ እልካለሁ ለሚል፣ እንግሊዝ አገር ነኝ ለሚል አከራይ አንድ ዩሮ አትላኩ። ይህ ማታለል ዓመቱን ሙሉ አለ፤ የተማረ ሰው ሲታለል አይቻለሁ።

ሌላው መንገድ ከከተማው መውጣት ነው። የጀርመን ትኬት የሚባለው የወር ካርድ፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 63 ዩሮ፣ በአገሩ ሁሉ በከተማ ትራንስፖርትና በአካባቢ ባቡሮች ይሠራል፤ በፈጣኖቹ ባቡሮች ግን አይሠራም። አውግስቡርግ ተቀምጦ ሙኒክ መሥራት ሰንዳፋ ተቀምጦ አዲስ አበባ እንደ መሥራት ነው፤ ልዩነቱ ባቡሩ ውስጥ መቀመጫ መኖሩ ነው። እኔ ይህን መርጫለሁ፤ አልተጸጸትሁም።

ጊዜያዊ ክፍል ስትይዙ አንድ ጥያቄ አስቀድሙ፦ “እዚህ መመዝገብ እችላለሁ?” አይቻልም ካለ፣ የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን ተዉት።

ስድስተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

መመዝገብ ይቻላል ወይ ብላችሁ የምትጠይቁበት ምክንያት ይህ ነው። ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻችሁን ማስመዝገብ ሕግ ያስገድዳል። ለዚያ የኪራይ ውሉ አይበቃም፤ አከራዩ የፈረመበት የተለየ የማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል። ከምዝገባው በኋላ የግብር መለያ ቁጥሩ በፖስታ ይመጣል። ቁጥሩ ለአሠሪው ካልደረሰ እኔ ያገኘኝ ያገኛችኋል። የምዝገባ ቀጠሮ ቶሎ ስለማይገኝ አድራሻውን እንዳወቃችሁ፣ ገና አገር ቤት ሳላችሁ በኢንተርኔት ያዙ። ሰዓቱን በእነሱ አጻጻፍ መዝግቡ፤ 9 የሚለውን ቀጠሮ በልባችሁ “3 ሰዓት” ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ 15 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ እንዳትቆሙ።

ምዝገባው ላይ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። ስሙን በማያው ገጽ ላይ አሳዩኝ በሉ፤ “ገብረ” የት እንደገባ ራሳችሁ እዩ፤ ከመፈረም በፊት ማረም የደቂቃ ሥራ ነው። ሃይማኖት ስትጠየቁ ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ኦርቶዶክስ መሆናችሁን አስረዱ፤ “ክርስቲያን” ብላችሁ ካቶሊክ ወይም ወንጌላዊ ተብላችሁ ብትመዘገቡ ሙኒክ ባለችበት በባየርን ግዛት ከገቢ ግብራችሁ 8 በመቶ የሚሆን የቤተ ክርስቲያን ግብር ይጨመርባችኋል። ሦስተኛው የትዳር ሁኔታ ነው፤ ያገባ ያገባሁ ይበል፤ ዛሬ “ላጤ” ያለ ሰው ነገ ሚስቱን ሲያመጣ ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ከዚያ ወዲያው ወደ ፖስታ ሣጥኑ። ስማችሁን ሙሉውን፣ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ለጥፉ።

የጤና መድን ሲመረጥ የሕዝባዊውን ያዙ። የግሉ ለወጣትና ለላጤ ርካሽ ይመስላል፤ ግን መግባቱ እንጂ መውጣቱ አይቀልም፤ የሕዝባዊው ደግሞ የማይሠራ ባለቤትንና ልጆችን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሸፍናል። በወር ጥቂት ዩሮ የሚከፈልበት፣ በሰው ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት የሚከፍል መድንም ግቡ፤ የሕንጻ ቁልፍ ጠፍቶ የሁሉም በር ቁልፍ ሲቀየር የሚመጣውን ሒሳብ አይቻለሁ። ለብሮድካስት በየቤቱ በወር 18.36 ዩሮ ይከፈላል፤ ቴሌቪዥን የለኝም ማለት አያድንም። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ስድስት ወር ይሠራል፤ ከዚያ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና ነው።

ሰባተኛ፦ ቡናው

የቡና ሥነ ሥርዓት ያለ ጭስ አይሆንም፤ የባየርን ቤት ሁሉ ደግሞ በመኝታ ክፍልና በመተላለፊያ ጣሪያ ላይ የጭስ ማንቂያ አለው። የመጀመሪያውን እሑድ ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር ቡና ቆላን፤ ዕጣን ገና ሳይጨስ መሣሪያው ጮኸ። ወንበር ላይ ወጥቼ በፎጣ ሳራግብለት ጎረቤቴ፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሴት፣ በር አንኳኩ። የመጡት ለእሳቱ መስሎኝ ነበር፤ የመጡት ለዘነዘናው ነው። እሑድ ቀን ሙሉ፣ በሌላውም ቀን ከምሽቱ 22 ሰዓት ጀምሮ የጸጥታ ሰዓት ነው፤ ቡና መውቀጥ አይቻልም። ቅዳሜ መስኮት ከፍታችሁ ቁሉ፣ ወቅጣችሁ አስቀምጡ። ሴትዮዋ አሁን ለአቦል አይቀሩም። እንጀራ ስትጋግሩም መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፤ እንፋሎቱ ግድግዳውን ካሻገተው ከመያዣው ላይ ይቆረጣል። ሱቆች እሑድ ዝግ ናቸው፤ በሌላውም ቀን ከ20 ሰዓት በኋላ አትድከሙ።

ስምንተኛ፦ አገር ቤት የሚጠበቀው

እዚህ ላይ እኔም አልጎበዝሁም። እናቴ በመጀመሪያው ወር፣ “ልጄ፣ የአበበች ልጅ ዐረብ አገር ሆና ቤት ሠራችላት፤ አንተ አውሮፓ ነህ” አለችኝ። ቁጥር ብነግራት አባዝታ በብር ታስበዋለች። በመጨረሻ ያደረግሁት ይህ ነው፦ “እማዬ፣ ከአንድ ኩንታል ስድሳው ኪሎ ለቤት ኪራይ፣ ለመንገድና ለምግብ ይሄዳል” አልኋት። ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘብ የምንነጋገረው በኩንታል ነው። በየወሩ አንድ የተወሰነ ቀንና አንድ የተወሰነ መጠን ቁረጡ፤ ለድንገተኛ ሌላ ትንሽ ለይታችሁ አስቀምጡ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ግን ምንም እንደማትልኩ ከመሄዳችሁ በፊት ፊት ለፊት ተናገሩ። የእድር መዋጮውን አታቋርጡ፤ ወንድም ወይም ጎረቤት ይክፈልላችሁ።

ዘጠነኛ፦ ቤተሰብ ሲከተል

የሰማያዊ ካርድ ባለቤት የትዳር አጋር ከመምጣቷ በፊት የጀርመንኛ ፈተና አይጠየቅባትም፤ መጥታም መሥራት ትችላለች። ቢሆንም አዲስ አበባ ጎተ ተቋም ጥቂት ወራት ብትማር ሙኒክ ውስጥ አንድ ዓመት ታተርፋለች። ባለቤታችሁ ኢትዮጵያ እስካለች ድረስ የግብር ምድባችሁ የላጤ ነው፤ ስትመጣ በዚያው ሳምንት አስቀይሩ። ለልጅ መንግሥት በየወሩ ገንዘብ ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 255 ዩሮ ነበር፤ ማመልከቻው የልደት ምስክር ወረቀት ይፈልጋል።

የእኛ ቤት ሣጥን ላይ አሁን ሦስት የቤተሰብ ስም ተለጥፏል። የእኔ የአያቴ፣ የባለቤቴ የአያቷ፣ የልጃችን ደግሞ የአባቴ ነው። ፖስተኛው ሦስት ቤተሰብ ተዳብሎ የሚኖርበት ቤት ይመስለዋል፤ ደብዳቤው ግን አንድም አልተመለሰም።